ኮር አይ የሌለው ላፕቶፕ ሆሳዕና ሲገባ

ሆሳዕና ላይ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ጥያቄዎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። «ኮር አይ ስንት ነው? ጀነሬሽኑስ? ራሙ? ሃርድዲስኩ ኤስኤስዲ ነው?» ሻጩም «ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ራም 8» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሌለው ዕቃ ግን በዓለም ገበያ ላይ እየበዛ ነው። ከቁልፎቹ ሥር የተለጠፈው ምልክት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ አይልም፤ ስናፕድራጎን ይላል። ማክቡክ ከሆነ ደግሞ ኤም1፣ ኤም2 እያለ ይቀጥላል።

በሀዲያና በከምባታ ይህን ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የሚጠቀምበት ሰው አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም ወይም አጎት ገዝቶ በሰው ይልከዋል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ ይሆናል፤ ዱራሜ ላይ ጽሕፈት ቤት ለከፈተች እህትም ይሆናል። ላኪው ያየው ዋጋውን፣ ቅጥነቱንና ስሙን ነው። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ማሽኖች በይፋ ስለማይቀበል፣ አሮጌውን አስቀምጦ አዲስ መፈለግ ግድ የሆነበት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይመጣል፤ ያለኝ ፕሮግራም ሁሉ አዲሱ ላይ ይሠራል ወይ?

አብዛኛው ይሠራል። የማይሠራው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂት እዚህ አካባቢ እንጀራ የሚበላበት ሆኖ ይገኛል።

ፕሮሰሰር ትእዛዝ ፈጻሚ ነው። «ይህን ቁጥር ከዚያ ጋር ደምር፣ ውጤቱን እዚያ አስቀምጥ» የሚሉ ጥቃቅን ትእዛዞችን በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይፈጽማል። ትእዛዞቹ ግን በሁሉም ፕሮሰሰር አንድ አይደሉም። አንደኛው ቤተሰብ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ካወጣው 8086 ከሚባል ቺፕ የመጣው ኤክስ86 ነው። ኤኤምዲ በ2003 ወደ 64 ቢት አሳድጎታል። እስከ ትናንት የምናውቀው ላፕቶፕ፣ ኮር አይ 3 ይሁን ኮር አይ 7፣ ከዚህ ቤተሰብ አይወጣም። ሁለተኛው አርም ይባላል። የመጀመሪያው አርም ቺፕ በ1985 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ አኮርን በተባለ ኩባንያ ተሠራ። ስናፕድራጎንም ሆነ የአፕል ኤም1 የዚህ ዘሮች ናቸው። እንግዳ እንዳይመስለን እንጂ ቴሌብር የምንከፍትበት ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ ስልክ ውስጥ ያለውም አርም ነው። ለኪሳችን የቆየ ነው፤ አዲስ የሆነው ለጠረጴዛችን ነው።

አንድ ፕሮግራም ተሠርቶ ሲያልቅ በአንደኛው ቤተሰብ ትእዛዝ ተጽፎ ይወጣል። «ሴትአፕ» የሚለውን ሁለቴ ተጭነን የምንጭነው ነገር በውስጡ የያዘው ይህንኑ የትእዛዝ ክምር ነው። ለኤክስ86 የተጻፈ ክምር ለአርም ትርጉም የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ልለይ። የወርድ ጽሑፍ፣ የኤክሴል ሠንጠረዥ፣ ፎቶ፣ መዝሙር፣ ፒዲኤፍ ትእዛዝ አይደሉም። የሚከፍታቸው ፕሮግራም እስካለ ድረስ ፕሮሰሰሩ ምንም ይሁን ምን ይከፈታሉ። ላፕቶፕ ሲቀየር ፋይል ይጠፋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ የሚያሰጋው ፕሮግራሙ ነው።

ታዲያ የኤክስ86 ፕሮግራም አርም ላይ እንዴት ይሠራል? በአስተርጓሚ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰባኪ በአማርኛ ሲናገር አጠገቡ ቆሞ በሀዲይኛ የሚመልሰውን ሰው ያየ ነገሩ አይከብደውም። ሰባኪው ሀዲይኛ አልተማረም፣ ምዕመኑም ቃሉን ሰምቶ ይገባል፤ ብቻ ስብከቱ ይረዝማል። አፕል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ኤም1ን ሲያወጣ ሮዜታ 2 የሚባል አስተርጓሚ አብሮ ሰጠ። ሮዜታ ፕሮግራሙን ገና ከመነሳቱ በፊት አብዛኛውን ተርጉሞ ያስቀምጣል፤ ስብከቱን በዋዜማው ተቀብሎ ጽፎ እንደሚያድር አስተርጓሚ ማለት ነው። ለዚህም ነው ማክ ላይ የተተረጎመ ፕሮግራም መጀመሪያ ሲከፈት ዘግየት ብሎ ከዚያ በኋላ የሚፈጥነው። የዊንዶውስ 11 አስተርጓሚ ግን እዚያው መድረክ ላይ እየሰማ ይተረጉማል፤ የተረጎመውንም ስለሚይዝ ያው ዓረፍተ ነገር ሲደገም አይቸገርም። ከ2024 ጀምሮ ያለው ፕሪዝም የተባለው ነው፤ ከቀደሙት ይፈጥናል።

አስተርጓሚ ባይኖር ምን እንደሚሆን ማይክሮሶፍት ራሱ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ አርቲ ብሎ በአርም የሚሠራ ዊንዶውስ ሲያወጣ የቀድሞ ፕሮግራሞችን የሚተረጉምለት አልነበረም። ሰው ገዝቶ ቤቱ ገባ፣ የለመደውን ፕሮግራም ሊጭን ሞከረ፣ አልተጫነም፤ ዊንዶውስ አርቲም ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ወጣ።

ለውጡ የመጀመሪያም አይደለም። ላፕቶፓችሁ ላይ ሲ ድራይቭን ክፈቱ፤ ፕሮግራም ፋይልስ የሚባል ማኅደር ሁለት ጊዜ ታገኛላችሁ፣ አንደኛው ጎን በቅንፍ ኤክስ86 ተጽፏል። ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ስንሻገር የቀረ ምልክት ነው፤ የ32 ቢቶቹ ፕሮግራሞች ለብቻቸው ይቀመጡበታል። ያኔም ከዚያ በፊት የነበሩት የ16 ቢት ፕሮግራሞች 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ መነሳት አቆሙ። ጥቂት ሰው አዘነ፣ ብዙው ሳያውቀው አለፈ።

አሁን ወደሚያስቸግረው። አስተርጓሚው የሚቆመው መድረኩ ላይ ነው፤ ወደ ጓዳ አይገባም። የዊንዶውስ ጓዳ ከዕቃ ጋር የሚነጋገረው ክፍል ነው፤ እዚያ የሚገባው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል፣ እሱ ደግሞ አይተረጎምም። ለአርም ተብሎ የተሠራ ድራይቨር ከሌለ ዕቃው አይሠራም፤ መሃል ላይ የሚያስታርቅ ነገር የለም።

ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠራ ቤት ገብታችሁ ጥግ ላይ ያለውን ፕሪንተር እዩት። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ቢሆን አልገረምም፤ የማይሞት ዕቃ ነው። ይህ ፕሪንተር ግን ብዙ ነገሩን በኮምፒውተሩ ላይ የጣለ ነው። ሲበራ ውስጡ የሚሠራበት ፕሮግራም የለውም፤ በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ድራይቨር በኬብሉ ይልክለታል። ገጹን ወደ ነጥቦች የሚቀይርለትም ኮምፒውተሩ ነው። ድራይቨሩ ከሌለ ፕሪንተሩ ወረቀት የሚይዝ ሳጥን ነው፤ ኩባንያዎች ደግሞ ለቆየ ዕቃ አዲስ ድራይቨር ለመጻፍ እምብዛም አይቸኩሉም። ዘመናዊዎቹ፣ በተለይ በዋይፋይ ከስልክ ላይ በቀጥታ የሚያትሙት፣ ዊንዶውስ ውስጥ አስቀድሞ ባለው የጋራ ድራይቨር ስለሚሠሩ ችግር የለባቸውም። በአጭሩ ከስልክዎ ላይ በቀጥታ የሚያትም ፕሪንተር ከአርም ላፕቶፕም ላይ የማተም ዕድሉ ሰፊ ነው። የድሮው ስካነር፣ ሲሰካ የራሱን ፕሮግራም የሚጭነው የድሮ የኢንተርኔት ዶንግል፣ ውድ ፕሮግራም ለመክፈት ከጎን የሚሰካው ቁልፍ ግን ያው እንደ 1020 ናቸው። ማውስ፣ ፍላሽ፣ ኪቦርድ አያሳስቡም።

ሁለተኛው ችግር የአማርኛ ጽሕፈት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዓለም አቀፍ መመሪያዎች በአንድ መስመር የሚያልፉት ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ ነው። ኪቦርዱ ላይ ስንጫን ፊደሉን የሚያወጣልን ፕሮግራም፣ ፓወር ግዕዝ ይሁን ሌላ፣ በኪቦርዱና በወርድ መካከል የሚቀመጥ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ለአርም ማሽን ገዢዎች በሚሰጠው ማሳሰቢያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት የፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች ለአርም ተብለው ካልተሠሩ ላይሠሩ እንደሚችሉ ይጠቅሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ፕሮግራም ለአርም ብቻ የተሠራ ሆኖ ሳለ ወደ ውስጡ ገብቶ ሊሠራ የሚፈልገው ቁራጭ በኤክስ86 የተሠራ ከሆነ ሁለቱ በጥቅሉ አብረው አይሠሩም። አስተርጓሚው ሙሉ ፕሮግራም እንጂ እንዲህ ላለው የአርም ፕሮግራም ቅጥያ አይተረጉምለትም።

መፍትሔው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው የአማርኛ ኪቦርድ ነው። ከቪስታ ዘመን ጀምሮ አለ፤ ኒያላ የሚባለው ፎንትም ያኔ ነው አብሮ የመጣው። ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ቋንቋ ላይ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። ችግሩ ጣት ነው። አሥር ዓመት ፓወር ግዕዝ የለመደች ጸሐፊ የፊደሉ አቀማመጥ ሲለወጥባት ለጥቂት ሳምንት እጇ ይታሰራል፤ ማመልከቻ ለማስጻፍ ደጇ የተሰለፈ ሰው ደግሞ አይታገስም። ስለዚህ አዲሱን ማሽን ከመቀበሏ በፊት አሮጌው ላይ የዊንዶውሱን ኪቦርድ አስገብታ ብትለማመድ ይሻላታል።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ስሕተት አለ። የቆየ የአማርኛ ፋይል አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል፤ «ፕሮሰሰሩ ነው፣ አይስማማም» ይባላል። ፕሮሰሰሩ የለበትም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በሴፕቴምበር 1999 በወጣው 3ኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በየመሥሪያ ቤቱ የኖሩት ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል፤ አዲስ ኮር አይ 7 ላይም ይህንኑ ታያላችሁ። ፎንት ትእዛዝ ሳይሆን ፋይል ስለሆነ አርም ላይ ያለ ችግር ይጫናል። ከአሮጌው ማሽን የፎንት ማኅደሩን በፍላሽ ገልብጦ መጫን ይበቃል። ማኅደሩን አሮጌው ኮምፒውተር ፎርማት ሳይደረግ መገልበጥ ነው እንግዲህ፤ ይህን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ የሚጽፍ መምህር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ቋንቋዎቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ የመማሪያ መጽሐፉም ሆነ የፈተና ወረቀቱ ከማንኛውም ኪቦርድ ላይ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይወጣል። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የአማርኛው መምህር ሲቸገር የሀዲይኛው መምህር በሰላም ሲጽፍ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው ሂሳብ ነው። በየኮሌጁ የሚሰጠው፣ በየድርጅቱም ያለው ፒችትሪ ነው፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ሴጅ 50 ቢለወጥም እኛ ጋ ያው ፒችትሪ ነው፣ ብዙ ሰው የሚጠቀመውም የቆየውን ዕትም ነው። ፒችትሪ አንድ ፕሮግራም ይምሰል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው የምናየው መስኮት ነው። ሌላው ፐርቬሲቭ የሚባል፣ ከጀርባ ሆኖ መረጃውን የሚይዝ ሞተር ነው። መስኮቱ ተከፍቶ ሞተሩ ካልተነሳ የድርጅቱ ሂሳብ አይከፈትም። ስለዚህ «ተጭኗል» የሚለው ቃል አይበቃም። ሻጩ ጋ ሆናችሁ የድርጅቱን ባክአፕ አስገቡ፣ አንድ ደረሰኝ መዝግቡ፣ ሪፖርት አውጡ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩና እንደገና ክፈቱት። ከዚያ ገንዘብ ይከፈላል። ስለ ክራክም አንድ ነገር ልበል። በክራክ የተጫነ ፕሮግራም አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ሲያስቸግር ደውላችሁ የምትጠይቁት ባለቤት የላችሁም፤ የአርም ዕትም ቢወጣም የሚደርሰው ለከፈለ ነው።

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ከሆናችሁ እኔ የምመክረው ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው። ኢታብስም ሆነ የዊንዶውሱ ኦቶካድ የተሠሩት ለኤክስ86 ነው። በአስተርጓሚ ቢነሱ እንኳ የዲዛይን ስሌት ተርጉሞ ማስኬድ ጊዜም ራምም ይበላል። ደቡብ አፍሪካ ላለው ዘመድ ከመግዛቱ በፊት የሚላክለት መልእክትም አጭር ነው፤ «ለዲዛይን ነው፣ ስናፕድራጎን እንዳይሆን።»

በሌላ በኩል ወርድ፣ ኤክሴል፣ ኢንተርኔትና ፒዲኤፍ ለሚበቃው ሰው አርም ጥሩ ማሽን ነው፤ እንዲያውም ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል። ኦፊስ የአርም ዕትም አለው፤ ክሮም ደግሞ ከማርች 2024 ጀምሮ ለዊንዶውስ አርም ወጥቷል፤ ሁለቱም ያለ አስተርጓሚ ይሠራሉ። በብሮውዘር የሚከፈት ነገር ሁሉ፣ የዩኒቨርሲቲው መመዝገቢያ ይሁን የባንክ ገጽ፣ ፕሮሰሰር አይመርጥም። ባትሪው ይቆያል፣ አይሞቅም፤ መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ሥራ የሚያስጨርስ ላፕቶፕ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን የምለውን የጥገና ባለሙያዎችም ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። አዲስ ላፕቶፕ ሲመጣ ልማዳችን ታውቋል፤ «ፎርማት አድርግልኝ፣ ዊንዶው ጫንልኝ።» ባለሙያው ፍላሹን ይሰካል፣ ያጠፋዋል፣ ይጭነዋል። ፍላሹ ላይ ያለው ዊንዶውስ የኤክስ86 ስለሆነ አርም ማሽን ከእሱ አይነሳም። ፍላሹ አለመነሳቱ ብቻውን ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው «ሃርድዲስኩ ይሆናል» ተብሎ ውስጡ ያለው ከተጠረገ በኋላ ነው። ከፋብሪካው የመጣው ዊንዶውስ የዚያን ማሽን ድራይቨሮች ሁሉ ይዟል፤ እሱ ከጠፋ ማስመለሱ አድካሚ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11ን የአርም ፋይል ለማንም እንዲወርድ ያደረገው በኖቬምበር 2024 ነው። ቢወርድም ጥቂት ጊጋባይት ነው፤ ከተጫነም በኋላ የዋይፋዩና የታችፓዱ ድራይቨር ተፈልጎ መገኘት አለበት። አርም ላፕቶፕ ቋንቋው ቻይንኛ ቢሆን እንኳ ፎርማት አይደረግ፤ መጀመሪያ ቋንቋውን ከሴቲንግስ ለመቀየር ይሞከር።

የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ግቡ። ሲስተም ታይፕ በሚለው መስመር ላይ «ኤክስ64» የሚል ካለ የለመዳችሁት ነው፤ «አርም» የሚል ካለ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ማክ ላይ በግራ ከላይ ያለውን የአፕል ምልክት ነክታችሁ የመጀመሪያውን መስመር ክፈቱ፤ ቺፕ ብሎ ኤም1 ወይም ኤም2 ካለ አርም ነው፣ ፕሮሰሰር ብሎ ኢንቴል ካለ የድሮው ነው።

ማክቡክ የደረሰው ሰው ግን ሌላ ሂሳብ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በነበሩት የኢንቴል ማኮች ላይ ቡት ካምፕ በሚባለው መንገድ ዊንዶውስ ጭኖ ፒችትሪ ማስኬድ ይቻል ነበር፤ ኤም1ና ከእሱ በኋላ የመጡት ላይ ግን ቡት ካምፕ የለም። ዊንዶውስ የሚገባው ፓራለልስን በመሰለ ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ ነው፤ የሚገባውም የአርሙ ዊንዶውስ ስለሆነ እላይ የተባለው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ሮዜታም ከማሽኑ ጋር ተጭኖ አይመጣም፤ መጀመሪያ ሲያስፈልግ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ቦታ አንድ የቆየ ፕሮግራም ከፍቶ እንዲወርድ ማድረግ ይበጃል።

ሮዜታ ለዘላለም አይኖርም። አፕል ከፓወርፒሲ ወደ ኢንቴል ሲሻገር የሰጠው የመጀመሪያው ሮዜታ እ.ኤ.አ. በ2006 መጥቶ በ2011 ተነስቷል። ስለ አሁኑም በጁን 2025 ቁርጡን ተናግሯል። ማክኦኤስ 26 የኢንቴል ማኮችን የሚቀበል የመጨረሻው ዕትም ነው፤ ሮዜታ ደግሞ ሙሉ ሆኖ የሚቆየው እስከ ማክኦኤስ 27 ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለአንዳንድ የቆዩ ጌሞች ብቻ ይተርፋል። በሮዜታ የሚሠራ የቆየ ፕሮግራም ያለው ሰው ማክቡኩን ከዚያ በላይ አፕዴት ከማድረጉ በፊት የአርም ዕትሙን ይፈልግ፤ ካላገኘም አፕዴቱን ያቆየው። በርካሽ የሚሸጥ የኢንቴል ማክቡክ ያየም ዋጋው ለምን እንደወረደ ከዚህ ይረዳል።